በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፦ ስደት፣ ቅርስና ዜግነት ከጀልዴሳ እስከ ቫንኩቨር

ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት ጀልዴሳ ነበረች። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ውስጥ የምትገኘው ይህች ሥፍራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ንግድ ዋነኛ ማረፊያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። የኢሳ ግመሎች በረሃውን አቋርጠው ያመጡት ሸቀጥ ተፈትሾ ወደ ደጋው የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነበር። ግብጾች ሐረርን በያዙባቸው ዓመታት ጦር አስፍረውባታል። በኋላም የአፄ ምኒልክ መንግሥት አቶ መርሻ ናሁሰናይን ገዥ አድርጎ አስቀምጦባታል።

በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከግርጌው ካለው ሜዳ ደረሰ። መጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ተብላ የነበረችው ድሬዳዋ በዚህ ሁኔታ ተቆረቆረች። አቶ መርሻም የመጀመሪያው ገዥዋ ሆኑ። ጀልዴሳ ገበያዋን ለባቡሩ ከተማ አስረክባ ጸጥ አለች።

የግመሉንም የባቡሩንም መንገድ ተከትለው የመጡት ሰዎች ግን ዕቃ ብቻ አልነበረም ይዘው የመጡት። ህንዱ፣ የመኑ፣ አርመኑና ግሪኩ ቋንቋውን፣ ሃይማኖቱን፣ የትውልድ አገሩን ናፍቆትና ፖለቲካ ጭምር ይዞ መጥቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬም መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ አለ። አያቱ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ የተቀበረ፣ አባቱም እርሱም እዚሁ የተወለዱ ሰው ማን ነው? የአያቱን አገር ማስታወሱስ ለዚህች አገር ያለውን ታማኝነት ይቀንሰዋልን?

ጥያቄው የጥቂት ቤተሰቦች ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና ዛሬ ከእኛ መካከል እጅግ ብዙ ሰው በሰው አገር ስለሚኖር፣ ለመጡብን የምንሰጠው መልስ ዞሮ ለወጡብን የምንጠይቀው መልስ ነው።

የመጡብን

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የህንድ ነጋዴ ስም ከፍ ብሎ የሚነሣው ከመሐመዳሊ ኩባንያ ጋር ነው። ከምዕራብ ህንድ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ያቋቋሙት ይህ ድርጅት በሐረር፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የታወቀ አስመጪና ላኪ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረ ማግሥት፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ድርጅቱን ዘግቶ ባለቤቶቹን አባረረ። ከነጋዴዎቹ ሌላ በምኒልክ ዘመን ህንዳውያን ግንበኞችና አናጢዎች በአዲስ አበባ ሠርተዋል። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ህንዳውያን መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በዕድሜ ጠና ያለ አንባቢ የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህሩን ሲያስታውስ አንድ የህንድ ስም ቢመጣበት የሚያስገርም አይሆንም።

የመኖቹ የሚታወቁት በሱቃቸው ነው። ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያት አግብተው ወለዱ። የእነዚህ ልጆች ነገር ግን ቀላል አልነበረም። እዚህ “ዓረብ” ተባሉ። በደርግ ዘመን ወደ የመን የተመለሱት ደግሞ እዚያ “ሙወለድ”፣ ማለትም ክልስ፣ እየተባሉ ጎደሎ የመናዊ ተደርገው ታዩ። ከዘመናዊ የየመን ሥነ ጽሑፍ አባቶች አንዱ የሆነው ሙሐመድ አብዱልወሊ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት በአገራችን የተወለደ ሰው ነው። ይበልጥ የታወቀበት ልብ ወለድ ርዕስ “እንግዳ ሆነው ይሞታሉ” የሚል ትርጉም አለው። ታሪኩም የሚካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ የአንድ የመናዊ ሱቅ ዙሪያ ነው። በሁለት አገር መካከል የቀረ ሰው ሕመም ምን እንደሚመስል ለማወቅ ለሚሻ ከዚህ የቀረበ ምስክር አይገኝም።

አርመኖች ደግሞ በኦቶማን ቱርክ ዘመን ከደረሰባቸው ዕልቂት የተረፉ ናቸው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በኢየሩሳሌም አግኝተው በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ያስመጧቸው “አርባ ልጆች” የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። አገር አልባ የሆነ ሰው ለተቀበለችው አገር መዝሙር ሲደርስ የራሱን ቤተ ክርስቲያንና የራሱን ፊደል አልተወም። ማንም እንዲተው አልጠየቀውም።

በእርግጥ የመጡት ሁሉ የተገፉ ምስኪኖች ነበሩ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ለውጭ ዜጎች በቆንስላቸው ፊት የመዳኘት ልዩ መብት ሰጥቷቸው ነበር። ሌሎች ኃያላንም ለራሳቸው ሰዎች ያንኑ ጠየቁ። በዚህም የተነሣ የእንግሊዝ ተገዥ የሆነ የህንድ ወይም የኤደን ነጋዴ ከድሬዳዋ ባለአገር ጋር ሲካሰስ ከኋላው መንግሥት ነበረው። የአገሬው ሰው በውጭ ዜጋ ላይ ያደረበት ጥርጣሬ አንዱ ሥሩ ይህ ነው። ልዩ መብቱ ከነፃነት በኋላ ቀርቷል። ጥርጣሬው ግን ልዩ መብት ያልነበራቸውን የልጅ ልጆች ሳይቀር ተከትሏል።

ሕጉ ምን ይላል?

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። መሠረቱ ደም ነበር፤ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የውጭ ሰው በማመልከቻ ዜግነት እንዲያገኝ ደግሞ አምስት ዓመት መኖርን፣ ራስን መቻልን፣ አማርኛን መናገርና መጻፍን ይጠይቅ ነበር።

ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። የመኖሪያውን ጊዜ ወደ አራት ዓመት አወረደ። አማርኛ የሚለውን አንስቶ ከአገሪቱ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን በቂ አደረገ። ይህ ለድሬዳዋ ትልቅ ነገር ነው፤ በመጋላ ተወልዶ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየተናገረ ያደገ የየመን ልጅ በቋንቋ በኩል ከማንም አያንስም። አዋጁ በቂና ሕጋዊ ገቢን፣ መልካም ጠባይን፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን፣ የቀድሞ ዜግነትን መልቀቅንና ቃለ መሐላን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ ሕጉ እንዲለቀቅ የሚጠይቀው የቀድሞውን ዜግነት ነው። የአያትን ቋንቋ፣ በዓልና መቃብር ልቀቅ የሚል አንቀጽ የለውም። ዜግነት በሰውና በመንግሥት መካከል ያለ የመብትና የግዴታ ማሰሪያ ሲሆን ቅርስ ደግሞ ሰው ከወላጆቹ የወረሰው ትዝታ ነው። አንዱን በሌላው መለወጥ አይጠበቅበትም።

ሁለተኛ፣ በዚህች ምድር ላይ መወለድ ብቻውን ዜግነት አያሰጥም። ከውጭ ዜጋ ወላጆች የተወለደ ሰው፣ ወላጆቹም እዚሁ የተወለዱ ቢሆኑ እንኳ፣ አመልክቶ ካልተፈቀደለት በስተቀር በአያቱ አገር ስም በተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ ይኖራል። ምናልባትም ያንን አገር አይቶት አያውቅም።

አሁን ይህን በ1994 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ጋር እናነጻጽረው። የሌላ አገር ዜግነት ለያዙ ወገኖቻችን የወጣው ይህ አዋጅ ለቋንቋችን “ትውልደ ኢትዮጵያዊ” የሚል የሕግ ስያሜ ሰጥቷል። ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው እንኳ መታወቂያውን ካገኘ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይነግዳል። መምረጥና መመረጥ እንዲሁም በመከላከያ፣ በፀጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ብቻ ተከልክሏል። ይህም ማለት ከአገር የወጣን ሰው ዘር እስከ ሦስት ትውልድ ድረስ እንከተላለን፤ ወደ አገር የገባን ሰው ዘር ግን በሦስተኛው ትውልድም እንግዳ እንለዋለን። ሁለቱን የሚያስታርቅ የሕግ አመክንዮ ማግኘት ያዳግታል።

የፑንጃቦች ትምህርት

ይህን ጉዳይ በሰፊው ለማየት ከፑንጃብ ሕዝብ ታሪክ የተሻለ መስተዋት አይገኝም። ፑንጃብ “አምስት ወንዞች” ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ለህንድና ለፓኪስታን የተከፈለው ይህ ምድር ለእንግሊዝ ጦር ብዙ ወታደር ያዋጣ፣ ለዓለምም ብዙ ስደተኛ የላከ አገር ነው። እኛ የጂቡቲውን መስመር ከመጀመራችን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ፣ ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን ሐዲድ የሠሩት ከ30 ሺሕ በላይ ህንዳውያን ሠራተኞች አብዛኞቹ ፑንጃቦች ነበሩ።

ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ የሄዱት የገጠማቸው ግን የተዘጋ በር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለች መርከብ አብዛኞቹ የፑንጃብ ሲኮች የሆኑ 376 መንገደኞች ይዛ ቫንኩቨር ደረሰች። የካናዳ ደንብ ከአገሩ ተነሥቶ በአንድ ያልተቋረጠ ጉዞ ያልመጣ ሰው አይገባም ይል ነበር። ህንድን በስም ሳይጠራ ህንዶችን ለማስቀረት የተቀመረ ደንብ ነው። ሁለት ወር ወደብ ላይ ቆማ 24 ሰዎች ብቻ ተፈቅዶላቸው መርከቧ ተመለሰች። ካልካታ አጠገብ ስትደርስም በፖሊስ ጥይት 20 ያህል ሰዎች ሞቱ። የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

በአሜሪካም ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ ፑንጃቢ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ጦር ልብስ ለብሶ ካገለገለ በኋላ ዜግነት ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1923 ተራው ሰው “ነጭ” በሚለው አረዳድ ህንዳዊ ነጭ አይደለም ብሎ ፈረደበት። ከእርሱ በፊት ዜግነት አግኝተው የነበሩ ህንዳውያንም ተነጠቁ።

የተዘጋው በር ፖለቲካን ወለደ። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የነበሩ የእርሻና የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1913 የጋዳር ፓርቲን መሠረቱ፤ ስሙ “ዐመፅ” ማለት ነው። ጋዜጣቸውን በሳን ፍራንሲስኮ እያተሙ በየአገሩ ወዳሉ ወገኖቻቸው ላኩ። የዓለም ጦርነት ሲነሣ እንግሊዝን ከህንድ ለማስወጣት ብዙዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። በላሆር ችሎት ቀርበው የተሰቀሉም ጥቂት አይደሉም። በሰው አገር ክብር ያጣ ሰው ክብሩን በትውልድ አገሩ ነፃነት ውስጥ ፈለገ።

ይህ ታሪክ ከእኛም ደጃፍ ይደርሳል። መጋቢት 7 ቀን 1933 ዓ.ም. በርበራ ላይ ከባሕር ወርደው ወደቡን ከኢጣሊያ ያስለቀቁት ሁለት የፑንጃብ ሬጅመንት ሻለቆች ናቸው። የበርበራ መያዝ ወደ ጅጅጋና ወደ ሐረር ለገሠገሠው ጦር የስንቅና የጥይት መንገዱን አሳጠረለት። ድሬዳዋ መጋቢት 20 ቀን ነፃ ወጣች። በከረንም በአምባ አላጌም የህንድ ክፍለ ጦሮች ደማቸውን አፍስሰዋል። በዚያች ዕለት አንድ ፑንጃቢ በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር ሆኖ ለሌላ አገር ነፃነት ሲዋጋ የራሱ አገር ቅኝ ነበረች። ቫንኩቨር ያለው ወንድሙ መምረጥ አይችልም፤ ካሊፎርኒያ ያለውም ዜጋ መሆን አይችልም። በአሜሪካ የተፈቀደው በ1946፣ በካናዳ በ1947 እ.ኤ.አ. ነው።

በሩ ሲከፈትስ? ፑንጃብ የተወለደው ዳሊፕ ሲንግ ሳውንድ እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ምክር ቤት ወንበር ያዘ። ዛሬ በካናዳ ፓርላማ ጥምጣም ያሰሩ አባላት ብርቅ አይደሉም። ይሁንና የትውልድ አገር ፖለቲካ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1984 የህንድ ጦር የሲኮችን ታላቅ ቤተ መቅደስ በመውረሩ፣ ቀጥሎም ኢንድራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው በመገደላቸውና በሺሕ የሚቆጠሩ ሲኮች በመጨፍጨፋቸው፣ የተለየ አገር የመመሥረት ጥያቄ በውጭ ተጋጋለ። በተከታዩ ዓመት ከካናዳ በተነሣ የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ላይ በተጠመደ ቦምብ 329 ሰዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አንድ የሲክ አቀንቃኝ በካናዳ ተገድሎ፣ የካናዳ መንግሥት የህንድ መንግሥትን እጅ በመጠርጠሩና ህንድም በማስተባበሏ የሁለቱ አገሮች ግንኙነት ሻከረ።

ከዚህ የሚቀሰመው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስደተኛን በመግፋት የትውልድ አገሩን ማስረሳት አይቻልም፤ እንዲያውም ይበልጥ ያስታውሳል። ሁለተኛው፣ ከሩቅ ሆኖ እሳት የሚጭር ሰው ሊኖር እንደሚችል አይካድም። መድኃኒቱ ግን ወንጀል የሠራውን ሰው በሠራው ወንጀል መክሰስ ነው። ካናዳ ለአውሮፕላኑ ዕልቂት ሰዎችን ፍርድ ቤት አቆመች እንጂ ጥምጣም ያሰረን ሁሉ አላባረረችም። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ሌላውን መንገድ መረጠች፤ ኢዲ አሚን እስያውያንን በ90 ቀናት ውስጥ አስወጣ፤ የአገሪቱም ንግድ አብሮ ወደቀ። ኬንያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2017 የህንድ ዝርያ ያላቸውን ዜጎቿን የአገሪቱ 44ኛ ጎሣ አድርጋ ተቀበለች።

እኛስ?

እኛ የራሳችን ቁስል አለን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ከመላ አገሪቱ 75 ሺሕ ያህል የኤርትራ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ተባረሩ። መንግሥት ያቀረበው አንዱ ምክንያት በ1985ቱ ሕዝበ ውሳኔ ተመዝግበዋል የሚል ነበር። ኤርትራም ኢትዮጵያውያንን አባርራለች፣ አሥራለች። ሁለቱ መንግሥታት ያቋቋሙት የካሣ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ አንዱን ወገን ብቻ ተጠያቂ አላደረገም። በኢትዮጵያ በኩል ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው በሥርዓት ተለይተው የተባረሩትን ከሕግ ውጪ አልተደረገባቸውም ሲል፣ ሌሎች ዜግነታቸውን ያጡበትን መንገድ ግን ሕገ ወጥ ብሎታል። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አያጣም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 በሥራ ላይ እያለ ነው። አዋጅ 270ም ቢሆን የኤርትራ ዜግነት የያዙትን ከትውልደ ኢትዮጵያዊነት መብት ለይቶ አስቀርቷል። ትውልድ በሰላም ጊዜ ቅርስ፣ በጦርነት ጊዜ ክስ ሊሆን እንደሚችል በገዛ ቤታችን አይተናል።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የፑንጃቦቹን መንገድ እየተጓዙ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ዘመን ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ሰልፍ ወጥተዋል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በዋሽንግተን ጎዳናዎች በሁለት ተቃራኒ ጎራ አሰልፏቸዋል። በአሜሪካ የተወለደ የኢትዮጵያዊ ልጅ እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ በቆየው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት በመወለዱ ብቻ ዜጋ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይህን የሚያጠብ ትዕዛዝ ሲያወጡ ወዲያው የፍርድ ቤት ክርክር ተነሣበት። እዚያ ያለ ወላጅ ልጄ የተወለደበት አገር ዜጋ ነው ብሎ ቢከራከር እንደግፈዋለን። ልጁ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ቢማር፣ በዓላችንን ቢያከብር፣ ስለ አገራችን ፖለቲካ ቢጮህ ከሃዲ አሜሪካዊ ነው የሚለን ቢመጣ እንቆጣለን። ታዲያ ይህንኑ ለከዚራው አርመንና ለመጋላው የመን ልጅ የማንሰጠው በምን ሚዛን ነው?

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ፈረንሳይን የመሰሉ አገሮች እንደሚያደርጉት፣ እዚሁ ተወልዶ ከወላጆቹም አንዱ እዚሁ የተወለደ ሰው፣ አልፈልግም ካላለ በስተቀር፣ በትውልዱ ዜጋ እንዲሆን አዋጅ 378ን ማሻሻል ይቻላል። የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው፤ አገርን የሚያሰጋ ቁጥር የለውም። ሕጉ ግን ራሱን ከመቃረን ይድናል።

ቅርስን በተመለከተም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን የሚተረጉመው በሰው የፈጠራና የሥራ ውጤትነቱና በታሪካዊ ዋጋው ነው። የሠራው ሰው ፓስፖርት በትርጓሜው ውስጥ አልገባም። ስለዚህ የድሬዳዋ የህንድ ነጋዴ ሱቅ፣ የግሪክ ቤት፣ የአርመን መቃብርና የጀልዴሳ ኬላ ፍርስራሽ በአንድ መዝገብ ሊገቡ ይገባል። በ1967 ዓ.ም. የተወረሱት ቤቶች የማን እንደነበሩ መጻፍ ብቻውን ንብረት መመለስ አይደለም፤ ታሪክን በስሙ መጥራት ነው።

የትውልድ አገርን ፖለቲካ በተመለከተ መለኪያው ድርጊት ይሁን። ሰው የአያቱን አገር ነፃነት ቢመኝ፣ ቢሰለፍ፣ ቢጽፍ መብቱ ነው። ቦምብ ቢያጠምድ ወይም ለሌላ መንግሥት ቢሰልል የወንጀል ሕጉ አለ። ከሁለቱ ውጪ ያለው ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ሰውን በስሙና በመልኩ መጠርጠር፣ ለፍርድ ቤትም ለጎረቤትም አይበጅም።

አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነገ ቶሮንቶ ላይ “አያትህ ከየት መጣ?” ተብሎ ቢጠየቅና መብቱ በመልሱ ቢመዘን፣ ሚዛኑ ትክክል አይደለም ብለን አብረነው እንጮሃለን። ቁናው እዚህም እዚያም አንድ ነው።

ቸር እንሰንብት።